አንድ ጥሪ፣ አንድ ቅጽ

በዕድሜዬ ብዙ መዋቅር አይቻለሁ። አዲስ አበባ አንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ስሠራ፣ አዲስ ሹም በመጣ ቁጥር ግድግዳ ይፈርሳል፣ የበር ላይ ጽሑፍ ይቀየራል፣ «መምሪያ» የነበረው «ዳይሬክቶሬት» ይባላል፤ እኛም ወንበራችንን ተሸክመን ከሁለተኛ ፎቅ ወደ አራተኛ እንወጣለን። ዓመት ሳይሞላ ያንኑ ወንበር ተሸክመን እንወርዳለን። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብሎ የተረተው ሰው የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ይመስለኛል። አሜሪካ ስገባ ከዚህ ሁሉ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። ለካ አገር ትቶ መምጣት ይቻላል እንጂ መዋቅር ተከትሎ ይመጣል።

ኦክላንድ ያገኘሁት ሥራ ስልክ መደወል ነው። አገር ቤት ጦርነት አልፎባቸው ወደ ነበሩ ወረዳዎች እደውላለሁ። የጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ ርእሰ መምህር፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር ወይም ቄስ አገኛለሁ። ምን ፈረሰ፣ ምን ተረፈ፣ ሰዉስ እርስ በርሱ ይነጋገራል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ የተባልኩትን ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። የቀጠረኝ የግል ድርጅት ነው፤ ድርጅቱ ደግሞ የሚሠራው ለአሜሪካ መንግሥት ነው። መንግሥት ከጦርነት የወጣ አገር እንዲረጋጋና መልሶ እንዲቋቋም የሚረዱ ሦስት መሥሪያ ቤቶች ነበሩት። አንዱ እህልና መድኃኒት ያቀርባል፣ አንዱ የፈረሰ ይጠግናል፣ አንዱ የተጣላ ያስታርቃል። የሚያስታርቀው መሥሪያ ቤት ከሁለቱ ጋር አይነጋገርም ነበር። ይህን ስል ለቀልድ አይደለም፤ እንዲያው እንደ ነበረ ነው የማወራው።

ባለመነጋገራቸው ምክንያት አንዷን ወረዳ ሦስት ጊዜ እንደውልላት ነበር። ማክሰኞ ስለ እህል፣ ሐሙስ ስለ ሕንፃ፣ በሳምንቱ ደግሞ ስለ እርቅ። ለየመሥሪያ ቤቱ የየራሱ ቅጽ አለ፤ አንዱ ቅጽ ውስጥ የሰፈረውን ሌላው አያየውም። የምደውልላቸው ሰዎች ድምፄን ለምደውት «ዛሬ ደግሞ የየትኛው ነዎት?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እዚህ ሲነጋ እዚያ ስለሚመሽ ሥራችን ማለዳ ነው። ከሳን ሊያንድሮ ባርት በሚሉት ባቡር ተሳፍሬ ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ ኦክላንድ ደርሻለሁ፤ ከሰዓት በፊት ሥራዬን ጨርሼ ቤቴ እገባለሁ። ለደከመ ሰው የሚስማማ ሥራ ነበር።

ካነጋገርኳቸው ሰዎች ሁሉ ከአእምሮዬ የማትጠፋው አንዲት የጤና ጣቢያ ኃላፊ ናት። ነርስ ስለሆነች እንደ አገራችን ወግ «ሲስተር» እላታለሁ፣ እሷም ታላቋ መሆኔን በድምፄ አውቃ «ጋሼ» ትለኛለች፤ እርስዎ እየተባባልን ነው የምናወራው። ከተማዋ ትንሽ ናት። ጦርነቱ ሁለት ጊዜ አልፎባታል፣ አንዴ ሲሄድ አንዴ ሲመለስ።

በመጀመሪያው ጥሪ እንዴት ናችሁ ስላት፣ «በጣም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን! እናንተስ? ቤተሰብ ደህና ነው? አገሩስ ሰላም ነው?» አለች። ስለ ጤና ጣቢያው ብጠይቃት «ትንሽ መድኃኒት ቢጨመርልን አንጠላም» ብላ ዘጋችው። በሁለተኛው ጥሪ «የማዋለጃ ክፍሉን ጣሪያ ትንሽ ነካ አድርጎታል» አለች። በሦስተኛው ጥሪ፣ ያውም ስለ እርቅ ልጠይቅ ደውዬ፣ «ኧረ አሁንስ ደጋግመው ሲጠይቁኝ ዝም ብል ነውር ነው» አለችና ዘረገፈችው። የማዋለጃ ክፍሉ ጣሪያ ከነጭራሹ የለም። ወላዶቹን ካርድ ክፍል ውስጥ በመደርደሪያዎች መካከል መጋረጃ ጋርዳ ነው የምታዋልደው። ውኃ የሚመጣው ከወንዝ ነው። ከሁለቱ አዋላጆች አንዷ ሸሽታ አልተመለሰችም። ክረምት ሲገባ ካርድ ክፍሉም ያፈስሳል። እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ትናገራለች፤ ሲበቃት «አደከምኩዎት» ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ይህ ለሐበሻ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰው ቤት ሄደህ ማዕድ ሲቀርብ መጀመሪያ «በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለህ፣ ሁለተኛ ሲሉህ «ኧረ ጠግቤያለሁ» ትላለህ፣ ሦስተኛ «በሞቴ!» ሲባል ነው እጅህን የምትታጠበው። በመጀመሪያው ግብዣ ዘሎ የቀረበ ሰው ሲታማ ይኖራል። ችግርም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ችግሩን የሚዘረግፍ ሰው እኛ ዘንድ ለማኝ ነው የሚባለው። ሦስቱ መሥሪያ ቤቶች ይህን አያውቁም። ግን ስለማይነጋገሩ ብቻ፣ ሳያውቁት፣ ሦስት ጊዜ ይጠይቁ ነበር።

ያን ሁሉ በጥገናው ቅጽ ላይም ጻፍኩት፤ የጥገናው መሥሪያ ቤት ጽሑፌን አይቶ የሲስተርን ጣሪያ ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው። ቆርቆሮው፣ እንጨቱና የውኃ ማጠራቀሚያው ዝናብ ሳይጥል እንዲደርስ ታቀደ። ነገርኳት። ስልኩን ከአፏ አርቃ ለሆነ ሰው ስትጮህ ሰማሁ፤ ከዚያ ብዙ ሴቶች እልል አሉ። ሥራዬን የወደድኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ መዋቅሩ መጣ።

ሦስቱ መሥሪያ ቤቶች ተዋሕደው አንድ ሊሆኑ ነው ተባለ። ነገሩ ስህተት ነው ብዬ አልተከራከርኩም፤ ማንም ጤነኛ ሰው ሦስት ቅጽ አይቶ አንድ ቢሆን ማለቱ አይቀርም። የእኛም ድርጅት አብሮ ተዋቀረና ቢሮው ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ ዞረ። አዲሷ አለቃችን ከቴክኖሎጂ ኩባንያ የመጣች፣ ኩፐርቲኖ የምትኖር ፈረንጅ ናት። ክፉ ሰው አይደለችም። ክፉ ብትሆን እንዴት በቀለለኝ። የሠራተኛውን ልደት ታስታውሳለች፣ አንድ ቀን የባለቤቴ ጉልበት ተሽሏት እንደሆነ ጠይቃኛለች፤ በሥራዬ ኢንሹራንስ ነበር ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና የተደረገላት፣ አሁንም በዚያው ነው የምትታከመው።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ መስተዋት በመስተዋት በሆነ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችንና አዲሱን አሠራር ግድግዳው ላይ አሳየችን። «ዋን ኮል፣ ዋን ፎርም» ይላል። ለአንድ ወረዳ አንድ ጊዜ ብቻ ይደወላል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ዛሬ በአካባቢያችሁ ሁኔታው እንዴት ነው?» የሚል ነው። መልሱ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይሰጠዋል። ዝቅ ያለ ቁጥር ከሆነ ሌሎቹ ጥያቄዎች ይከፈታሉ፤ አራት ወይም አምስት ከሆነ ቅጹ ራሱ ያመሰግንና ይዘጋል። ሰዎች ከጦርነት ወጥተው ሳለ በጥያቄ ብዛት ማድከም ነውር ነው አለችን፣ እውነቷን ነው። አስተርጓሚውም ከተጻፈው ውጭ አንድ ቃል አይጨምርም፤ ከጨመረ ለተጠያቂው መልስ እንዳቀበለ ይቆጠራል።

ይህ ቅጽ ለእኛ ሰው እንደማይሆን ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል። አለቃችን ዙሪያውን አየችና «ያሳሰበው ሰው አለ?» አለች። ዓይኗ እኔ ላይ ሲደርስ ፈገግ ብዬ «ጥሩ ይመስላል» አልኩ። ደግማ እስክትጠይቀኝ ነበር የጠበቅሁት። አንድ ጊዜ ደግማ «እርግጠኛ ነህ?» ብትለኝ እናገር ነበር፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። እሷ ግን «ግሩም!» ብላ ወደ ሚቀጥለው ሥዕል አለፈች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ እዚያው ስብሰባ ላይ ነቅዟል፣ ሽታው ለእኔ ብቻ ነው የደረሰኝ።

ከዚያ ወዲያ ማለዳ ተነስቼ ሃይዌይ ኤይት ኤይቲ ላይ ነው የምውለው። ከሳን ሊያንድሮ ሳን ሆዜ የጭነት መኪና ኋላ ኋላ እየተጎተትኩ፣ የመኪናውን የኋላ መብራት ስቆጥር እደርሳለሁ። ቢሮ ስገባ ገና ሳልሠራ ደክሜያለሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ በሠላሳዎቹ ያለች የእኛ ልጅ ናት። እኔ ሳስተረጉም እሷ ጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ ትሰማለች፣ መልሱን ቁጥር አድርጋ ቅጹ ላይ ታስገባለች። አማርኛ ደህና አድርጋ ትሰማለች፣ ስትናገር ግን «እርስዎ»ን ማርባት ስለሚከብዳት «ጋሼ» ብላ ትጀምርና «አንተ» ብላ ትጨርሳለች። አልቀየማትም። እናቷን አውቃቸዋለሁ፤ ሁለት ሥራ ይዘው ነው ያሳደጓት።

አዲሱ መሥሪያ ቤት የድሮዎቹን ዝርዝሮች እንዲሁ አይቀበልም ተባለ። የተፈቀደውም ሁሉ ቢሆን በአዲሱ ቅጽ እንደገና መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ የሲስተር ተራ ደረሰ። ሚያዝያ ነበር። እሷ ዘንድ ሊመሽ ነው፣ ከበስተኋላዋ ዶሮና ሕፃን ይሰማል። ራሴን አስተዋወቅሁና የተጻፈልኝን አነበብኩ፦ «ዛሬ በአካባቢያችሁ ሁኔታው እንዴት ነው?»

«ውይ ጋሼ! እርስዎ ነዎት? በጣም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን! እናንተስ ደህና ናችሁ?»

ሕጉ ሕግ ነው፤ ያለችውን በእንግሊዝኛ መለስኩ። በጣም ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔርን ያመሰግናሉ። ጎኔ ያለችው ልጅ አምስት ቁጥርን ተጫነች። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነና የማመስገኛው ጽሑፍ ወጣ።

እጄን ዘርግቼ ማይክሮፎኑን ዘጋሁት። «ቆይ፣ አንድ ጊዜ ልድገምላት» አልኩ።

«ጋሼ፣ ኖ፣ ሪኮርድ እየተደረገ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ስክሪፕቱን ብቻ ፎሎው አድርግ፣ ፕሊስ። ሊዲንግ ኩዌስችን ነው፣ መልስ አቀበልካት ይሉሃል፣ ከዚያ ሁለታችንም ራይት አፕ፣ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብናል።»

ማይክሮፎኑን ከፈትኩ። አንድ ዐረፍተ ነገር፣ አንድ ተራ «እውነትዎን ነው ሲስተር?» የምትል ቃል ብቻ ነበር የምታስፈልገው። የባለቤቴ ጉልበት ታየኝ። ኢንሹራንሱ ታየኝ። ከሥራ ወጥቼ በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ታክሲ ስነዳ ታየኝ። የማመስገኛውን ጽሑፍ አነበብኩላት። «ስለ ጊዜዎ እናመሰግናለን፤ የእርስዎ ድምፅ ለሥራችን ትልቅ ዋጋ አለው።»

«አበቃ?» አለች።

«አበቃ፣ ሲስተር።»

«እሺ፣ ተባረኩ» አለችኝ።

በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በዚያው ቀን የማስተካከያ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ጣሪያው አልተሠራም፣ መልሱ ሰላምታ ነው እንጂ መልስ አይደለም ብዬ። ማመልከቻው የሚላከው ወደ ጥገናው መሥሪያ ቤት ነበር። ጥገናው መሥሪያ ቤት ደግሞ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የለም፤ ደብዳቤዬ «አድራሻው አይሠራም» ተብሎ ተመለሰ። ወደ አዲሱ ላክሁት፤ አዲሱ ገና ኃላፊ አልተመደበለትም። ሌላ ቦታ ላክሁት፤ እዚያ ያለችው ሴትዮ ጉዳዩ የእሷ እንዳልሆነ፣ የማን እንደሆነ ግን እንደማታውቅ፣ ስታውቅ እንደምትነግረኝ በትሕትና ጻፈችልኝ። አልሸሹም ዞር አሉ የሚባለው ይህ ነው። ከአዲስ አበባው መዝገብ ቤት የሚለየው እዚህ እምቢ ሲሉህ መልካም ቀን መመኘታቸው ነው።

አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋት፤ ስለ ማዕዱ፣ ስለ «በልቼ መጣሁ»፣ ስለ «በሞቴ»። አገጯን በእጇ ይዛ በጥሞና አዳመጠችኝ። ስጨርስ፣ «ይህ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው» አለች። ከዚያም «ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «ሴትዮዋ በራሷ አንደበት ደህና ነን ብላለች። ድምፅዋ ተቀድቷል። እኛ ማን ሆነን ነው አይ፣ ደህና አይደለሽም የምንላት? የማኅበረሰቡን ቃል ማክበር አለብን።»

በሕይወቴ ሰዎች ቃላችንን ሳያከብሩ ቀርተው ስንጎዳ አይቻለሁ። ቃላችን ተከብሮ ስንጎዳ ያየሁት ግን ያን ጊዜ ነው። እንደገና ልደውል ብላት፣ ለተዘጋ ወረዳ ሁለተኛ ጥሪ ልዩ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ክፍል በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እንደሚቋቋም ነገረችኝ። ላም አለኝ በሰማይ። በግል ስልኬ እንዳልደውልም አደራ አለችኝ፤ እንደዚያ አድርጎ የተሰናበተ ሰው እንዳለ እኔም አውቃለሁ።

የነገርኳትን ግን አልረሳችውም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለ ባህላችን ለሠራተኛው እንዳስረዳ ጠየቀችኝ፤ በምሳ ሰዓት፣ ፒዛ እየተበላ። ቆሜ ተናገርኩ። ፒዛው ሲዞር አንዱን ሰው ለምሳሌነት አስነስቼ ሦስት ጊዜ ጋበዝኩት፣ እሱ በመጀመሪያው አነሳ፣ ሁሉም ሳቀ። አጨበጨቡልኝ። አለቃዬ ተነስታ ቅጹ በሚቀጥለው ምዕራፍ በዚህ መሠረት እንደሚሻሻል ቃል ገባች፤ ቃሏንም ጠብቃለች፣ ዛሬ ቅጹ ጥያቄውን ሦስት ጊዜ በተለያየ መንገድ ይጠይቃል። የሲስተር ጣሪያ የነበረበት ዝርዝር ግን ከዚያ ምሳ አራት ቀን ቀደም ብሎ ተዘግቶ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዝርዝሩን ያሳየችኝ ያቺው ቢሮ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ናት። የሲስተር ወረዳ ፊት ለፊቱ «የተረጋጋ» ተብሎ በአረንጓዴ ተቀልሟል። ቆርቆሮውና እንጨቱ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል። ያንን ወረዳም አውቀዋለሁ፣ ትምህርት ቤቱ ተቃጥሏል፣ ይገባዋል። እዚያ መልስ የሰጠው ርእሰ መምህር ቁጡ ሰው ነው፤ እንዴት ናችሁ ሲሉት «ምን እንሆናለን፣ ሞተናል!» ነው ያለው። ልጅቷ ስክሪኑን እያየች ከንፈሯን ነከሰች። «ጋሼ፣ አይ ፊል ሶ ባድ» አለችኝ። «እኔ እኮ ፋይቭን ፕሬስ ያደረግኩት እውነት ደህና መስላኝ ነው። እማዬም ሁሌ እንደዚያ ነው የምትለው። አይ ሹድ ሃቭ ኖውን፣ ማወቅ ነበረብኝ።»

«ምን ታደርጊ፣ ያለችውን ነው የጻፍሽ» አልኳት። ትከሻዋን መታ መታ አደረግሁ። ጥፋቱን ከእሷ ላይ ማንሳት ቀላል ነበር፣ የት እንደማስቀምጠው ነው ያላወቅሁት።

ለሲስተር የነገራት ሰው የለም። አዲሱ አሠራር ከዝርዝር ለወጣ ወረዳ የሚደውል ሰው የለውም፤ አለቃችን ግድግዳው ላይ ባሳየችን የመዋቅር ሥዕል ውስጥ ያን ለሚያደርግ ክፍል ሳጥን አልተሣለለትም። እሷ ቆርቆሮ እየጠበቀች ነው። ይህን እያወቅሁ ሚያዝያን ጨረስኩ፣ ግንቦትንም ጨረስኩ። በየማለዳው ሃይዌዩ ላይ ዛሬ እደውላለሁ እላለሁ፣ ሳን ሆዜ ስደርስ ድካሙ ያሸንፈኛል፣ ወይም ፍርሃቱ። ሁለቱን መለየት እያቃተኝ መጥቷል። ቤተ ክርስቲያን ስቆም እንኳ የምጸልየው ሌላ ሰው እንዲነግራት ነበር። አፍራለሁ ስጽፈው፤ ግን እንደዚያ ነበር።

ሰኔ ገባ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴን እዚሁ ካሊፎርኒያ ባለችው ኒውአርክ ከምትሠራበት መጋዘን አደረስኳት። ጉልበቷን እየያዘች ከመኪና ወርዳ በሩ እስኪውጣት አየኋት። መኪና ማቆሚያው ባዶ ነው፣ ፀሐዩ ገና ሲወጣ ነው። ሞተሩን አጠፋሁና ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ቁጥሯን በቃሌ ነበር የማውቀው።

«ጋሼ!» አለች። ደስታዋ ጆሮዬን ወጋኝ። ከድምፅዋ ኋላ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ይሰማል፣ ጮክ ብላ ነው የምታወራው።

ሰላምታውን ሳላስረዝም ነገርኳት። ቆርቆሮው እንደማይመጣ፣ መሥሪያ ቤቶቹ እንደተዋሐዱ፣ በአዲሱ አሠራር መጀመሪያ የተናገረችው ቃል እንደተያዘ፣ ወረዳዋ ደህና ነው ተብሎ እንደተጻፈ። እየተናገርኩ ራሴን እሰማለሁ፤ እንደ ዳይሬክተር ነው የማወራው።

«አይዞዎት ጋሼ» አለችኝ። እኔን! «የእርስዎ ጥፋት አይደለም። የመንግሥት ሥራ እንደዚህ ነው፣ እዚህም እኮ አምና ወረዳውን ሁለት ቦታ ከፍለው ማኅተሙ የት እንደገባ እስካሁን እንፈልጋለን።»

«ሲስተር» አልኳት፣ «ያን ቀን ለምን ደህና ነን አሉኝ? ጣሪያው እኮ በዚያች መልስ ነበር የሚወሰነው።»

«ታዲያ ምን ልበል?» አለች። አልተቆጣችም፣ ገርሟት ነው። «ሰው እንዴት ናችሁ ሲለኝ ጣሪያ የለንም ብዬ ልቀበለው? ፈረንጅ ቢደውልልኝ እቅጩን እነግረው ነበር፤ እሱ ወጋችንን አያውቅ፣ ደግሞም አይጠይቅ። የእርስዎን ድምፅ ስሰማ ጊዜ ልቤ አረፈ። የእኛ ሰው ነው፣ አሁን ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ።»

ግንባሬን መሪው ላይ ደገፍኩ። ያን ሥራ የሰጡኝ አማርኛ ስለምችል ነው። የሰማሁትን ቃል እንድመልስ ብቻ ሳይሆን ሊባል የተፈለገውን እንድሰማ መሆኑን ከእኔ በቀር ማንም ሊያውቀው አይችልም ነበር። አልቅሻለሁ፤ ድምፄን እንዳትሰማ ስልኩን ከአፌ አርቄ።

ስልኩን ወደ አፌ መልሼ «አሁንስ ወላዶቹ እንዴት ናቸው?» አልኳት።

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እንዴት ናቸው፣ ሲስተር?»

«ዝናቡ ትንሽ ያስቸግረናል» አለች።

«ሲስተር፣ በሞቴ።»

ድምፅዋ ዝቅ አለ፣ ዝናቡን አልፎ እንዲሰማኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጣበቅሁት። ካርድ ክፍሉ ማፍሰስ ከጀመረ ሁለት ሳምንቱ ነው አለችኝ። ምጥ የያዛትን ሁሉ በቃሬዛ ወደ ሚቀጥለው ከተማ ነው የሚልኩት፣ ወንዙ ካልሞላ። ረቡዕ ዕለት ወንዙ ሞልቶ ነበር። የላኳት ልጅ እግር ሴት ማዶ ሳትሻገር እዚያው ዳር ላይ ወለደች።

«እሷስ?» አልኩ።

«እሷ ደህና ናት» አለችኝ።

ስለ ሕፃኑ አላነሳችም። ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም።